ሶርሳ የጨበጣት ፊውዝ

ሟቹ በጀርባው ተንጋሏል። ከወገቡ በላይ በአሮጌው ላንድሮቨር ሥር ነው፤ እግሮቹ ብቻ ወደ መንገዱ ወጥተው ይታያሉ። የመኪናው የኋላ ግራ ጎማ ተፈትቶ ከአጠገቡ ተጋድሟል። መኪና ማንሻው ክሪክ በጎኑ ወድቋል። መንገድ የለመደ ሰው ይህን አንድ ጊዜ ካየ ታሪኩን ለመተረክ አይቸገርም። ጎማ ተነፈሰ፣ መኪናው በክሪክ ተነሣ፣ ጎማው ተፈታ፣ ሰውዬው ለሆነ ነገር ወደ ሥር ገባ፣ ክሪኩ ከዳው።

ምክትል ኢንስፔክተር ፈጠነች ብሩ ግን ስለ መኪና የምታውቀው በየትኛው በር እንደሚገባ ብቻ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚወስደው ኮረኮንች በፖሊስ ፒካፕ ስትናጥ መጥታ ወገቧን ይዛ ወረደች። ስሟ ፈጠነች ይሁን እንጂ በወላይታ ዞን ፖሊስ ውስጥ የእሷን ያህል ዝግ ያለ ሰው አልነበረም። ባልደረቦቿ ሲያሾፉባት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላቸዋለች። ደግሞም እውነቷን ነው፤ እነሱ ያፈሰሱትን አብዛኛውን ጊዜ የምትለቅመው እሷው ነበረች።

የሟቹ ስም ሶርሳ ነው። ያችን ላንድሮቨር ሃያ ዓመት ያኖረ፣ ሳያያት የማያድር፣ እሑድ እሑድ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ የአራቱንም ጎማ ንፋስ የሚለካ ሰው ነበር። ሶዶ ውስጥ «ሶርሳ ጥንቁቁ» ሲሉት ግማሹ ለሙገሳ፣ ግማሹ ለማሾፍ ነው።

«ፈጠነች፣ እዚህ የሚመረመር ነገር የለም» አለ አለቃዋ ዋና ኢንስፔክተር ወልደመስቀል። «ይህን ጎማ ትናንት የጠገነው ቦልቴ ጎሚስታው ነው። ጥገናው ለቀቀ፣ ሰው ሞተ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይባላል። ሽማግሌውን አስይዤዋለሁ፤ የከተማው ሰው ሱቁን በድንጋይ እየደበደበ ነው። ዘመን መለወጫው ጊፋታ ሊገባ ስድስት ቀን ቀረው፤ መዝገቡ ከበዓሉ በፊት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይድረስ።»

«ይደርሳል» አለች ፈጠነችና ፖሊሶቹ መኪናውን አንሥተው ሬሳውን ከሥሩ ሲያወጡት አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

የሟቹ ቀኝ እጅ ተዘርግቷል። ግራው ግን ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዘረጋቸው ከመዳፉ ውስጥ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የመስተዋት ብልቃጥ ወደቀች። ጫፍና ጫፏ ብረት ነው፤ ውስጧ ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል።

«ምንድን ናት?» ስትል አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠየቀችው።

«ፊውዝ ናት፣ ኢንስፔክተር። ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ እሷ ትቃጠልና መኪናውን ታተርፋለች።»

«ተቃጥላለች?»

ፖሊሱ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት። «የለም፣ ደህና ናት። ሽቦዋ አልተበጠሰም።»

«ታዲያ ጎማ የሚቀይር ሰው ደህና ፊውዝ ጨብጦ ምን ያደርጋል?»

ፈጠነች የሟቹን ሱሪ አየች፤ የሁለቱም ኪስ ገበር ወደ ውጭ ተገልብጧል። ማጅራቱን ዳሰሰች፤ እዚያ ላይ የረጋ ደም ያለበት እብጠት አለ። ተነሥታ በመኪናው ዙሪያ ሄደች። ቅያሪው ጎማ እንደታሰረ ከፊት ኮፈኑ ላይ ነው። ከአሽከርካሪው ወንበር በታች በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ስንቅ አለ፤ ማንም አልነካውም። የፊውዞቹ ሣጥን ክዳን ተከፍቷል። አንደኛው ቦታ ላይ በፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል፤ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ጫፍና ጫፉ እንደ ከረሜላ ተጠምዟል።

«ይህ የምንድን ነው?»

«የሞተር ማስነሻው። ያለ እሱ ቁልፉን ቢያዞሩትም አይነሣም።»

ከመኪናው በፊትና በኋላ መንገዱ ላይ ቅጠላቸው የበዛ ቅርንጫፎች ተነጥፈዋል፤ ንፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። የተበላሸ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያን ያየ መንገደኛ «ባለቤቱ እየሠራ ነው» ብሎ ዞር ብሎ ያልፋል። ጠዋት ሁለት መኪኖች አልፈዋል፤ አንደኛው ሹፌር ከሥር የወጡትን እግሮች አይቶ «አይዞህ!» ብሎ ሄዷል። ምስኪን፣ ያበረታታው ሬሳ ነበር።

ፈጠነች አንዱን ድንጋይ አነሣች። መሬቱ በሙሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ብናኝ ነው። ሁለተኛውን አነሣች። ያም ደረቅ ነው። ቁልቁል አርባ እርምጃ ያህል ስትወርድ መንገዱ መሀል በተጠራቀመ ውሃ ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ተንሳፍፎ አየች። ከዚያ ቦታ አንዲት ቀጭን መንገድ በእንሰቱ መሀል አድርጋ ወደ አንድ ግቢ ትገባለች።

የግቢው ባለቤት ኤርካሎ ይባላል፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ከስቷል፤ ቡሉኮውን እስከ አገጩ ተከናንቧል።

«ዝናቡ መቼ ጀመረ?» አለችው።

«ሁለት ሰዓት ላይ። ሦስት ሰዓት ላይ አቆመ። ከዚያ በፊት ለአራት ቀን ጠፍቶ ነበር። እኔ ታች ማሳ ነበርኩ፤ አምስት ሰዓት ስመለስ ነው ያየሁት።»

«ሶርሳን ታውቀዋለህ?»

«መኪናውን ነው የማውቀው። ሰላም አንባባልም፣ አንጣላም።» በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተ። «እኔ መኪና አልወድም። ሰኔ ላይ ሚስቴን ሶሲን ከገበያ ስትመለስ እዚህ ጋ መኪና ገጭቶ ገደላት። አመሻሽ ነው። ጮኬ ስወጣ እየሸሸ ነበር። አንድ መብራት ብቻ ነው ያለው። አንዱ ዓይኑ ጠፍቷል።»

«ማን እንደሆነ ሳታውቅ ቀረህ?»

«ባውቅ ኖሮ» አለ ኤርካሎ፤ የቀረውን አልጨረሰውም። ወልደመስቀል ከኋላዋ ሆኖ ይህን ሲሰማ ቅንድቡን አነሣ።

የሶርሳ ቤት ለቅሶኛ ሞልቶታል። ባለቤቱን ትርፌን ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይዘዋታል። ፈጠነች ወደ ጓዳ ይዛት ገባችና ከአጠገቧ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜም ምንም አልጠየቀቻትም። በመጨረሻ ትርፌ ራሷ ጀመረች።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወጣው። ሌሊቱን አልተኛም። 'ጎሜ ይዘን ጊፋታ አንገባም' ሲለኝ አደረ።»

ጎሜ ወላይታዎች በደል ሠርቶ በደበቀ ቤት ላይ የሚመጣ የሚሉት መቅሠፍት ነው። በደሉ ካልተነገረ ከብቱም ልጁም አይባረክም።

«የማን በደል?»

«ብጠይቀው አልነገረኝም። 'ስመለስ ትሰሚያለሽ' አለኝ። ስንቅ ቋጠርኩለት። 'ለሁለት ሰው አድርጊው' አለኝ። ለማን ነው ብለው፣ 'በምንሄድበት ቤት ለጊዜው እህል የማይቀምስ ሰው አለ፤ መንገድ ላይ ይበላል' አለኝ። 'የአንደኛውን ቂጣ ዳጣ አብዢበት' አለ ደግሞ። እሱ ጨጓራው አይችልም፣ ሚጥሚጣ እንኳ አይነካም።»

«ፊውዝ የመንቀል ልማድ ነበረው?»

ትርፌ በዕንባዋ መሀል ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከመኪናው በወረደ ቁጥር ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ሌባ ቁልፍ ያስቀርጻል፣ ፊውዜን ግን ከኔ ነው የሚያገኘው ይላል። ልብሱን ሳጥብ ስንቱን ከኪሱ አውጥቻለሁ።»

የትርፌን ወንድም ወንደሰንን ግቢው ውስጥ ወንበር ሲያቀብል አገኘችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ላንድሮቨሯን ከሶርሳ ጋር እየተፈራረቀ ይነዳት ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ። «መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ሲያቆም የፊት መስተዋቱን እኔው ጠርጌለት ብቻውን ሄደ። ምናለ አብሬው በሄድኩ!»

«ጎማውን ለቦልቴ ያደረሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል፣ ልተወው ስል ሶርሳ እምቢ አለ። ጎማው ይኸውና በላው።»

«ከሰው ጋር ጠብ ነበረው?»

ወንደሰን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዘላለም ኤሌክትሪሺያኑ ጋር። ነሐሴ ላይ የፊውዝ ሣጥኑ ጭስ አወጣ። ስናየው ፊውዙ በብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። የሠራው ዘላለም ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ሶርሳ በሰው ፊት በጥፊ መታው። ዘላለም ደግሞ ቂም አይረሳም፤ ዘሩም እንደዚያ ነው።»

ፈጠነች ስለ ዘር ሲወራ ጆሮዋን ትዘጋለች፤ የቀረውን ግን መዘገበችው።

የዘላለም ሱቅ ከቦልቴ ሱቅ አጠገብ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ወላይትኛውን ከአማርኛው በላይ ያቀላጥፈዋል። የቦልቴን የተሰባበረ በር በሚስማር እየመታ አገኘችው።

«እኔን ልትይዥኝ ከሆነ በሩን ልጨርስ» አላት ፊቱን ሳያዞር።

«ጥፊው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ወረቀቱንም ፊቴ ላይ ወረወረው። እኔ ፊውዝ በወረቀት አልጠቀልልም! ወረቀት አይቃጠልማ፤ እሱ ሳይቃጠል መኪናው ይቃጠላል። ይኸው፣ ፊውዝ ከኪሴ ተለይቶኝ አያውቅም።» ከኪሱ ቆርቆሮ አውጥቶ አንኳኳላት፤ በሁሉም ዓይነት ፊውዝ ሞልቷል። «ያን ወረቀት ግን አስቀመጥኩት። አንድ ቀን እውነቱ ይወጣል ብዬ።»

«ወጣ?»

ዘላለም መዶሻውን አስቀመጠ። «ቅዳሜ መጣ። ትልቅ ሰው ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ! 'በደልኩህ፣ ከጊፋታ በፊት ይቅር በለኝ' አለኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ወረቀቱን አሳየኝ አለ። የየትኛው ፊውዝ እንደነበር ጠየቀኝ። የፊት መብራቱ ነው አልኩት። 'የፊት መብራቱ መስተዋት መቼ ነበር የተሰበረው?' አለኝ። ሰኔ ላይ፣ ወንደሰን ላም ገጨሁ ብሎ ያመጣት ጊዜ ነው አልኩት። እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ።»

«ወረቀቱን ስጠኝ» አለች ፈጠነች። እጇ ላይ ሲያርፍ ዝም ብላ አየችው። ሦስት ጊዜ ታጥፎ ጫፍና ጫፉ እንደ ከረሜላ ተጠምዟል።

ቦልቴን ያሰሩበት ክፍል ጠባብ ነው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል፤ ጎማ ያጠቆራቸው እጆች፣ የሠላሳ ዓመት ሙጫ በጥፍሮቻቸው ሥር የቀረ። አማርኛውን ወንድና ሴት ሳይለይ ነው የሚናገረው፤ ለሱ ጎማ አንዴ እሷ፣ አንዴ እሱ ነው።

«ጋሽ ቦልቴ፣ በልተዋል?»

«መብላት ይቅር። እኔ አንድ ነገር ነው የምለምነው።» ዓይኖቹ በዕንባ ሞሉ። «ጎማዋን ውሃ ውስጥ ክተቱ። ጥገናዬ ለቆ ከሆነ እሰሩኝ፣ ልሙት፣ እሺ። ሶርሳ ወዳጄ ነው። ሳላውቅ ግን አልችልም። ሌሊት እጄን አያለሁ፤ አንተ ነህ ወይ የገደልከው እለዋለሁ። እጄ መልስ የለውም።»

ፈጠነች ከአጠገቡ ተቀመጠች። «እንከተዋለን። መጀመሪያ ግን ያስተምሩኝ። ጎማ ተንፍሶ ትንሽ መንገድ ቢሄድ ምን ይሆናል?»

የቦልቴ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ ሥራው ተነሥቶ ዝም ማለት አይችልም። «ኧረ ብዙ ይሆናል! ሃምሳ እርምጃ ከሄደች ጎኑን ቸርኬ ይበላዋል። ቸርኬ የጎማ ወንበሩ ነው፣ ብረቱ። መኪና ይጫናታል፣ ብረቱ ይቆርጠዋል። ፈተህ ስታይ ውስጧ ጥቁር ዱቄት ነው፣ እንደ ጥላሸት።»

«ዱቄት ከሌለውስ?»

«ቆሞ ነው የተነፈሰ። ሰው አስተንፍሷል።»

«ሶርሳ ጎማ ሲቀይር እንዴት ነው የሚያደርገው?»

«ክሪክ አያምንም። ክሪክ ሰው አይደለም፣ ይከዳል። ቅያሪ ጎማውን መጀመሪያ ያወርዳል፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ያጋድማል። ክሪክ ቢወድቅ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፣ ሰው ይተርፋል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።»

ፈጠነች ኮፈኑ ላይ እንደታሰረ የቀረውን ቅያሪ ጎማ አስታወሰች። ተነሣችና «ረቡዕ ጠዋት ሱቅዎ እንገናኝ» አለችው። ወልደመስቀል ግን በሩ ላይ ጠበቃት።

«ረቡዕ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል» አላት። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽ እሱ ነው ሰውዬው።»

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ከቦልቴ ሱቅ ፊት ለፊት ሰው ተሰበሰበ። ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልቶ መሀል ላይ ተቀምጧል። ትርፌ በጥቁር ልብሷ፣ ወንደሰን ከጎኗ፣ ዘላለም በሩ ላይ፣ ኤርካሎ ቡሉኮውን ተከናንቦ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆመዋል። ቦልቴን ሁለት ፖሊሶች አመጡት። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

«እጃቸውን ፍቱላቸው» አለች ፈጠነች። «ሥራ አላቸው።»

ቦልቴ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ነፋ፤ ጥገናው ያለበትን ቦታ ወደ ታች አድርጎ ውሃው ውስጥ ከተተው። የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ ይናገራል፤ አረፋ ያወጣል። ሁሉም አረፋውን ጠበቀ። ቦልቴ ላስቲኩን እያዞረ ጠበቀ። ዙሩን ጨረሰ። ደገመው። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

«የለም» አለ ቦልቴ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኸ። «የለም! አልፈሰሰችም!» እዚያው በርሜሉ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ፈጠነች እስኪረጋጋ ጠበቀችው፤ መቼም ለመጠበቅ እሷን የሚያህል የለም። «እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «ጥገናው ደህና ነው። ጎማው ውስጥ ጥቁር ዱቄት የለም፣ ጎኑም በቸርኬ አልተቆረጠም። ስለዚህ ተንፍሶ አንድ እርምጃ አልሄደም። አንድ ሰው መኪናው ከቆመ በኋላ የመንፊያውን አፍ ተጭኖ ንፋሱን አስወጣው። ጎማው የተፈታው እኛ እንድናይ ነው።»

«ራሱ ሶርሳ ቢሆንስ?» አለ ወልደመስቀል።

«ሶርሳ ቅያሪ ጎማውን ከሥር ሳያጋድም መኪና ሥር አይገባም። ቅያሪው ኮፈኑ ላይ እንደታሰረ ነው። ማጅራቱም ቀድሞ ተመትቷል። ቀጥሎ ፊውዟ። ሶርሳ ከመኪና ሲወርድ የማስነሻውን ፊውዝ ይነቅላል። የሞተው ፊውዙን ጨብጦ ነው፤ ማለት ገና ከመኪናው እንደወረደ ነው የተመታው። ግን የት? አርባ እርምጃ ዝቅ ብሎ መንገዱ ላይ የመኪናዋ ዘይት ተንጠባጥቧል፤ ልክ ከኤርካሎ በር። መጀመሪያ የቆመችው እዚያ ነው። ዳገት ላይ ክሪክ አይቆምም፤ ስለዚህ ገዳዩ ሬሳውን ጭኖ መኪናዋን ወደ ሜዳው ማውጣት ነበረበት። ቁልፉን ቢያዞር አልነሣ አለች። የሟቹን ኪስ ገለበጠ፤ ፊውዟ የለችም። የተጨበጠ እጁን መዘርጋት አላሰበም። ብርማ ወረቀት ጠቀለለና አስነሣት።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ዘላለም ዞሩ። ወንደሰን «ምን አልኳችሁ!» አለ።

«ዘላለም ኪሱ ውስጥ ቆርቆሮ ሙሉ ፊውዝ ይዞ ይዞራል» አለች ፈጠነች። «ወረቀት ምን ያደርግለታል? ኤርካሎም መኪና መንዳት አያውቅም።» ሁለት ብርማ ወረቀቶች በመዳፏ ላይ አወጣች። «ይህ የነሐሴው ነው፣ ይህ የሰኞው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ሁሉ ይገኛል፤ እሱ ምንም አይነግረኝም። አስተጣጠፉ ግን አንድ ነው፤ ሦስት እጥፍ፣ ጫፍና ጫፉ ጥምዝ። የአንድ ሰው እጅ ነው። የነሐሴውን የሠራው ማነው? ዘላለም እንዳልሆነ ሶርሳ ራሱ አውቆ ይቅርታ ጠይቆታል። ያ ወረቀት የፊት መብራት ፊውዝ ነበር። መብራቱ የተሰበረው ሰኔ ላይ ነው፤ ላም ተገጨ በተባለበት ቀን፤ ላም ገጨሁ ያለው ሹፌር ግጭቱ ያቃጠለውን ፊውዝ በወረቀት ተክቶ ነዳት።»

ኤርካሎ ቡሉኮውን ከራሱ ላይ አወረደ።

«ወንደሰን» አለች ፈጠነች ድምጿን ሳታነሣ፣ «ሶርሳን ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰናበትኩት ብለኸኛል።»

«አዎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ከቅርንጫፎቹ ላይ የተጫኑትን ድንጋዮች አነሣኋቸው። ሥራቸው ደረቅ ነው። ዝናቡ ሁለት ሰዓት ሲጀምር እነዚያ ድንጋዮች ቦታቸው ላይ ነበሩ። ሶርሳ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሞቷል። ሦስት ሰዓት ላይ መስተዋት የጠረግህለት ለማነው?»

ወንደሰን ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሁለቱ ፖሊሶች መንገዱን ዘጉበት።

«አየህ፣ አሽከርካሪ ነህና ቅጠሉን ሳታነጥፍ መሄድ አልቻልክም። እጅህ ለምዶታል። ለአላፊው 'ሰላም ነው፣ እለፍ' እንዲልልህም ፈለግኸው። ለዝናቡ ግን አላሰብክም።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ ወንደሰን። እዚያው ተቀመጠ። «አልቅሼ ነገርኩት። 'አብረን እንሄዳለን፣ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ትታረቃለህ' አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። እዚያ በር ላይ ሲያቆም እግሬ እምቢ አለኝ። ወርዶ ፊውዟን ነቀለ። 'ና ግባ' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የቡሎን መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

ትርፌ እስከዚያ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። አሁን ወንድሟ ፊት መጥታ ቆመች።

«'ዳጣ አብዢበት' አለኝ» አለችው። «ቂጣውን በዳጣ አቅልቶ የሚበላ አንተ ብቻ እንደሆንክ እያወቅሁ አላሰብኩትም። እንዳትራብ ነበር የሚጨነቀው። ሰማህ? ሊያሳስርህ አይደለም የወሰደህ። ምሳህን አስቋጥሮልህ ነው።»

ወንደሰን ፊቱን መሬት ላይ ደፋ። ፖሊሶቹ አንሥተው ወሰዱት። ከሕዝቡ መሀል ቦልቴን ነፍሰ ገዳይ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሊሸሽ ሲል ዘላለም ክንዱን ያዘና መዶሻ አስጨበጠው፤ የሱቁ መስኮት ገና አልተጠገነም ነበር።

መኪናዋ ፎቶ ተነሥታ፣ ተመዝግባ ለትርፌ ተመለሰች። ቅዳሜ ጠዋት፣ የጊፋታ ዋዜማ፣ ትርፌ ቦልቴ ሱቅ መጣች።

«ጋሽ ቦልቴ፣ ሶርሳ ያልጨረሰው መንገድ አለ። ኤርካሎ ቤት ልሄድ ነው። በወንድሜ ስም ልናገር፣ ሽማግሌ ልለምን። ጎማውን ይግጠሙልኝ።»

«አዲስ ጎማ ላድርግልሽ?» አላት ቦልቴ።

«የለም፣ ያንኑ።»

ቦልቴ ቅያሪውን ጎማ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አጋደመና ያንኑ ጎማ ገጠመ። ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ዞሮ ደግሞ አጠበቃቸው። ዘላለም ብርማ ወረቀት በነበረበት ቦታ ከቆርቆሮው አዲስ ፊውዝ አውጥቶ ከተተና መሪውን ያዘ፤ ቦልቴም ከኋላ ተሳፈረ። ፈጠነች ከጣቢያው በር ላይ ሆና ሲያልፉ አየቻቸው። ትርፌ ጭኗ ላይ ስንቅ ይዛለች፤ የበዳይ ወገን እርቅ እስኪወርድ ድረስ ከተበዳይ ቤት እህል አይቀምስምና።

ማታ ሲመለሱ ቦልቴ ገና ሳይወርድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ፈጠነችን ጠራት። ኤርካሎ በሩን ከፍቶ እንዳስገባቸውና እስከ መጨረሻው እንዳዳመጣቸው ነገራት። ከዚያ ወርዶ የኋላውን ግራ ጎማ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ንፋሱ እንደ ጠዋቱ ነበር።